ኤሊዎቹ የወጡ ዕለት

ወንድሙ የሚባል ሰው አለ፤ መዋሸት አይሆንለትም። ሚስቱ አልጣሽም ልጁም ይህን ያውቃሉ። ሐኪሙ ቀይ ሥጋ ቀንስ ካለው ወዲህ፣ ሃቫና ስትሪት ካለው የሐበሻ ምግብ ቤት ተደብቆ ጥብስ በልቶ በገባ ቁጥር አልጣሽ ገና በር ላይ አየት ታደርገውና «ዛሬስ ስንት ሳህን ነው?» ትለዋለች። ፊቱ ያሳብቅበታል። እንግዲህ እንዲህ ያለው ሰው ነው ክፉ ወሬ በሆዱ ይዞ፣ አውሬ ስታይ ካደገች ሴት ጋር፣ አውሬ ሊያይ እስከ ሩቅ ባሕር ጠረፍ የሄደው። ጉድ እኮ ነው!

ነገሩ የጀመረው ረቡዕ ነው፤ ሊሄዱ አንድ ቀን ሲቀራቸው። ወንድሙ ዴንቨር ኤርፖርት መንገደኞችን ከመኪና ማቆሚያው ወደ ተርሚናሉ የሚያመላልስ ቫን ይነዳል። ተራው እስኪደርስ ሞተሩን አጥፍቶ ሲጠብቅ ስልኩ ጮኸ። ኢዩኤል ነው፣ የአልጣሽ ታናሽ ወንድም፣ ከአርባ ምንጭ።

«ጋሼ፣ እሷ አጠገብህ ናት?»

«የለችም፣ ሥራ ላይ ነኝ። ምነው፣ በደህናህ?»

«አባዬ ወደቀ። ደም ግፊቱ ነው፤ ግማሽ ጎኑን ይዞታል። ሆስፒታል አስገብተነዋል፣ አይናገርም።» ኢዩኤል ትንሽ አለቀሰና ድምፁን ጠረገ። «ለእሷ እንዳትነግራት፣ አደራ! ትደነግጣለች። ጌታ ያውቃል፣ ሊነሳም ይችላል።»

ወንድሙ «እሺ» አለ። ሌላ ምን ይበል? አራት መንገደኞች ሻንጣቸውን እየጎተቱ መጡና ጫናቸው። ተርሚናል አድርሷቸው ሲመለስ ምን ዓይነት ሰዎች እንደነበሩ እንኳ አላስታወሰም።

የጉዞውን ነገር ልንገራችሁ። የአልጣሽ አባት አቶ አባይነህ ሠላሳ አንድ ዓመት የነጭ ሳር ፓርክ ስካውት ነበሩ፤ ጠመንጃና ደብተር ይዘው አውሬ የሚጠብቁ፣ አውሬ የሚቆጥሩ። ትምህርት በሌለ ቀን ሁሉ ሴት ልጃቸውን አስከትለው ሐይቅ ዳር ይወርዱ ነበር። «አዞውን አትፈልጊ» ይሏታል፤ «አዞ የሚፈልግ ሰው አዞ አያይም። ወፏን እያት። ወፏ ድንገት ከተነሳች ከሥሯ የሆነ ነገር መጥቷል ማለት ነው።» ያዩትን ደግሞ ሁልጊዜ በአንድ ዓይነት መንገድ በደብተር ያሰፍራሉ፦ መጀመሪያ ቀን፣ ቀጥሎ ቦታ፣ ከዚያ አየሩ፣ መጨረሻ ላይ ቁጥሩ። ያልተጻፈ ነገር እንዳልታየ ነው፣ ይላሉ።

ባሕር ግን አይተው አያውቁም። አንድ ጊዜ ለጥናት የመጣ ፈረንጅ ስለ ባሕር ኤሊ አጫውቷቸው ነበር። እናቲቱ እንቁላሏን አሸዋ ውስጥ ቀብራ ትሄዳለች፣ ልጆቹ ብቻቸውን ቆፍረው ወጥተው ወደ ውሃው ይሮጣሉ፣ ሴቷ ካደገች በኋላ ስንቱን ባሕር ዞራ እንቁላል ልትጥል ወደዚያው አሸዋ ትመለሳለች። ሽማግሌው ይህን ነገር አላመኑትም፤ አልረሱትምም። «እውነት ይሆን እንዴ?» ይሉ ነበር፣ እራት እየበሉ፣ ጫማ እያሰሩ። አልጣሽ ያኔ አሥራ አንድ ዓመቷ ነበር። «እኔ ሄጄ አይቼ እነግርሃለሁ» አለቻቸው።

ቃሏን ልትፈጽም የተነሳችው በአርባ ሦስት ዓመቷ ነው። ምን ታድርግ፣ አሜሪካ መጥታ፣ ዴንቨር አጠገብ ኦሮራ ነርሲንግ ሆም ተቀጥራ፣ የሰው አባትና እናት ስታጥብ፣ ስታጎርስ፣ ስታገላብጥ ዕድሜዋ ሄደ። በዚህ ዓመት ግን እምቢ አለች። ለሌበር ደይ በዓል ፈቃድ ጠየቀች፣ ኮስታሪካ በካሪቢያን ጠረፍ ላይ ያለ የተከለለ ደን መረጠች፣ ኤሊዎቹ የሚፈለፈሉበትን ወር አጠናች። አቶ አባይነህ ይህን በስልክ ሲሰሙ እንደ ልጅ ሳቁ። «ደብተር ያዢ» አሏት። «ስልክ ይጠፋል፤ ደብተር ያዢ።»

እና ይህን ጉዞ ወንድሙ እንዴት ብሎ ይሰርዝ? የጨነቀው እርጉዝ ያገባል ይባላል፤ እሱ ደግሞ ጋሽ ውባየሁ ጋ ደወለ። ጋሽ ውባየሁ የቤተ ክርስቲያናቸው ሽማግሌ ናቸው። በኦሮራና በቶርንተን ስንቱን ሰው መርዶ ያረዱ፣ በስንቱ ቤት ጠዋት በማለዳ ያንኳኩ ሰው።

«ሰውየው አልሞቱም፣ አይደል?» አሉት።

«አልሞቱም።»

«እንግዲህ ሂዱ። ልጅቷን በመንገድ አታስደንግጣት። ቢብስባቸውም ዝም በል። መርዶ በስልክ አይነገርም፣ በሰው አገር አይነገርም። ስትመለሱ ሰብሰብ ብለን መጥተን፣ ሰው አጠገቧ ሆኖ፣ በወጉ እናረዳታለን።»

ወንድሙ ይህ ነገር ልቡ ውስጥ ገባ። የራሱ እናት የሞቱ ጊዜ ስልክ ያነሳው ሃይዌይ ላይ ነበር። የአክስቱ ልጅ «ውይ፣ አልሰማህም እንዴ?» ብላ ዱብ አደረገችበት። መኪናውን እንዴት ዳር እንዳስያዘ ዛሬም አያውቀውም፤ ሁለት ሰዓት ሙሉ መሪውን ታቅፎ ሲያለቅስ መኪናው ሁሉ በአጠገቡ ሽው እያለ ያልፍ ነበር። የእኔ ሰው እንዲህ አይረዳም ብሎ ያኔ ምሏል። ስለዚህ ክፋት አልነበረበትም። ይህን ያዙልኝ፣ ክፋት አልነበረበትም።

ሐሙስ በረሩ። ዓርብ በትንሽ ጀልባ ሎጁ ደረሱ። ወንድሙ በመንገድ ላይ ሁለት ነገር አድርጓል። የአልጣሽን ስልክ «ፕላንሽ እዚህ አገር አይሠራም» ብሎ ዳታውን አጠፋባት፤ የሎጁ ዋይፋይ ፓስወርድ የተጻፈባትን ወረቀት ደግሞ ኪሱ ከተታት። አልጣሽ ምንም አልመሰላትም። እንዲያውም «ተገላገልኩ!» አለች። «ከሥራ ቦታ ሺፍት ሸፍኚ እያሉ አይጨቀጭቁኝም።»

ቅዳሜ ጠዋት በጀልባ ወጡ። ውሃው ቡናማ ነው፣ ግራና ቀኙ ደን፤ ሙቀቱ ከሸሚዝ ሥር ይገባል። አስጎብኚው የአገሩ ልጅ ነው፣ ሃያ ዓመት እዚያው የሠራ። ልጃቸው ሊዲ አሥራ ሁለት ዓመቷ ነው፣ ከፊት ተቀምጣለች። ዛፍ ላይ ተንጠልጥሎ የሚውለውን ስሎዝ የሚባለውን እንስሳ አይታ «ዳዲ፣ ኢትስ ዩ ኦን ሰንደይ!» አለችው። አልጣሽ እስክታነባ ሳቀች። ወንድሙም ጥርሱን አሳየ።

ትንሽ እንደሄዱ አልጣሽ እጇን አነሳች። «ቀስ» አለች። አስጎብኚው ሞተሩን አጠፋ። ከፊታቸው ውሃ ዳር ከቆሙት እግረ ረጅም ነጭ ወፎች አንዷ ተነስታ እልፍ ብላ ተቀመጠች። አልጣሽ ወፏን አልተከተለቻትም፤ ወፏ የለቀቀችውን ቦታ አየች። «ከግንዱ ሥር ናት» አለች። አስጎብኚው መነጽሩን አስተካክሎ ተመለከተ፣ እንደገና ተመለከተ። ካይማን ናት፣ የአዞ ዘመድ፣ አንድ ክንድ ከስንዝር ብትሆን ነው፤ ዓይኗና አፍንጫዋ ብቻ ከውሃው በላይ። «ማን አስተማረሽ?» አላት አስጎብኚው በእንግሊዝኛ።

«አባቴ» አለች። እንዲህ ስትል አንገቷ ቀና አለ። ስልኳን አወጣችና መቅረጽ ጀመረች። «አባዬ፣ ይኸውልህ! ያንተን ዘዴ እዚህ መጥቼ ሠራሁበት። ትንሽ ናት፣ የኛዎቹ ቢያዩዋት ይስቁባታል። ማታ ኤሊዎቹንም…» አለችና ድምፁ እንዳይረብሽ ዝም አለች።

ወንድሙ ፊቱን ወደ ውሃው አዞረ። 

ሎጅ ሲመለሱ እናትና ልጅ ልብስ ሊቀይሩ ገቡ። እሱ ከማድ ቤቱ ኋላ ሄዶ ስልኩን ከፈተ። ኢዩኤል የድምፅ መልእክት ልኳል።

«ጋሼ፣ ጌታ ይመስገን፣ አባዬ ነቃ! ጥርት ባይልለትም ይናገራል። አልጣሽን አሰሙኝ ይላል፤ ከነቃ ጀምሮ ሌላ ወሬ የለውም። ኤሊውን አየችው ወይ ይለኛል። ዶክተሩ ግን… ዶክተሩ ያው ነው የሚለው፣ ብዙ ተስፋ አልሰጠንም። ምን ይሻላል? ላገናኛቸው?»

ከዚህ መልእክት ኋላ ሌላ ድምፅ አለ። ወፍራም፣ የተጎተተ፣ ግማሹ የተዋጠ። አማቱ ናቸው። «አ…ል…ጣ…» ይላሉ።

ወንድሙ ሦስት ጊዜ ሰማው። ምን እንደሚደረግ አጥቶት አይደለም። አልጣሽ ከሥራ መጥታ ስንት ጊዜ ነግራዋለች። አንድ ሰው ሊሄድ ሲል ቤተሰቡ ሩቅ ከሆነ፣ እሷ ናት ስልኩን ጆሮው ላይ የምትይዝለት። «መስማት ነው መጨረሻ የሚሄደው» ትላለች። «ምንም ባይመልስ እንኳ ይሰማል፤ ንገሩት እላቸዋለሁ። አንዳንዴ ክንዴ እስኪደነዝዝ እይዛለሁ።» ይህን ሁሉ ያውቃል። ግን ያንን የተጎተተ ድምፅ ከሰማች በኋላስ? እስከ ሰኞ አውሮፕላን የለም፣ ጀልባውም ነገ ነው። እዚህ ጫካ መሐል፣ አንድ ዘመድ በሌለበት፣ ሊዲ ፊት አብዳ ብትጮህ ማን ይይዛታል? ጋሽ ውባየሁ ምን አሉ? ሰው አጠገቧ ሆኖ አሉ። ደግሞ ነቅተዋል እኮ፤ የነቃ ሰው ሰኞ ድረስ ይቆያል።

እንዲህ ብሎ ራሱን አሳመነና ጻፈ፦ «አሁን አይሆንም፣ ትደነግጣለች። ሰኞ ቤት ስንገባ ትደውላለች በላቸው።»

አይ ወንድሙ! ያችን ጽሑፍ ስንት ጊዜ በቁሙም በሕልሙም አነበባት።

ከሰዓት በኋላ ሰማዩ ጠቆረ፣ አሸዋው በረደ። አስጎብኚው መጥቶ «ዛሬ ሳይመሽም ሊወጡ ይችላሉ፣ ኑ» አላቸው። ስልክ ክልክል ነው፤ ብርሃን መንገድ ያሳስታቸዋል። ሁሉም ስልኩን ክፍሉ ትቶ ሄደ። አልጣሽ ትንሽ ቅር አላትና ወዲያው ተጽናናች። «ይሁን፤ በአፌ እነግረዋለሁ። በቪዲዮ ከሚያየው እኔ ብነግረው ይወዳል» አለች። ደብተሯንና እርሳሷን በፕላስቲክ ከረጢት ይዛ ወጣች።

አሸዋው ላይ ሩቅ ቁጭ አሉ። ባሕሩ ያጓራል። ለረጅም ጊዜ ምንም የለም፤ ሊዲ «ሃው ሎንግ?» ስትል አልጣሽ ጣቷን ከንፈሯ ላይ አደረገች። ከዚያ አሸዋው ውስጥ ከሥር የሚፈላ ነገር ያለ ይመስል እንቅስቃሴ ታየ፣ ትንሽ ሰረጎደ፣ አንድ ጥቁር ራስ ብቅ አለ። ቀጥሎ ሌላ። ቀጥሎ ጎርፍ ሆኑ። የመዳፍ ግማሽ የማያክሉ፣ ክንፍ በሚመስሉ እግሮቻቸው አሸዋውን እየቀዘፉ፣ እየተደናቀፉ፣ እየተገለበጡና እየተነሱ ወደ ውሃው ይሄዳሉ። አንዱም ወደ ኋላ አይልም። ማን ነገራቸው?

አልጣሽ ከንፈሯን እያንቀሳቀሰች ትቆጥራለች። እንባዋ ይወርዳል፣ አትጠርገውም። እንባ ቁጥር አያስትም መቼም።

ሸርጣኖች ከጉድጓዳቸው ወጡ። አሞራዎች ከላይ ወረዱ። አንዱ ሸርጣን አንዱን ኤሊ በአንገቱ ይዞ ጎትቶ ሲያስገባው ሊዲ ጮኸች። ብድግ ብላ፣ እግሯ አጠገብ አሸዋ ጠልፎት የሚፍጨረጨረውን ልታነሳ ጎንበስ አለች። «አይ ካን ካሪ ሂም! ማሚ፣ ፕሊስ!» አስጎብኚው እጁን ዘርግቶ ከለከላት። እኛ ከተሸከምነው፣ አለ፣ የሄደበትን አሸዋ አያውቀውም ይባላል፤ ያላወቀውን አሸዋ ፈልጎ አይመለስም።

«ተይው ልጄ» አለች አልጣሽ ልጇን እቅፍ አድርጋ። «ያሳዝናል፣ አውቃለሁ። ግን መንገዱ የሱ ነው፤ በራሱ ይሂደው።»

ወንድሙ ይህን ሲሰማ ተነስቶ ወደ ውሃው ጥቂት እርምጃ ሄደና ተመለሰ።

የመጨረሻው ኤሊ ማዕበል ሲወስደው አልጣሽ ደብተሯን ጉልበቷ ላይ ዘርግታ ጻፈች። ጽፋ ስትጨርስ ባሏን ቀና ብላ አየችው። አየት ማድረግ አይደለም፤ አየችው።

«ወንዴ፣ ወፍህ ተነስታለች።»

«ምን?»

«ከትናንት ወዲያ ጀምሮ እያየሁህ ነው። አትበላም፣ አትቀልድም፣ ስልክህን ይዘህ ወደየጥጉ ትሄዳለህ። ከሥሯ ምን አለ?»

«ምንም የለም። ሥራ ነው። ሰዎች ሊቀንሱ ነው ይባላል።»

አልጣሽ ቀስ ብላ፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «አባዬ ደህና ነው?» አለችው።

እዚህ ላይ ነው እንግዲህ። መዋሸት የማይሆንለት ሰው፣ ሁለት ሳህን ጥብስ መደበቅ የማይችል ሰው፣ ዓይኗን ትክ ብሎ እያየ፦ «ደህና ናቸው። ጠዋት ከኢዩኤል ጋር አውርተናል። ሰላም ብለውሻል፤ ኤሊውን አየችው ወይ ብለው ጠይቀዋል» አላት።

አልጣሽ ፊቷ በራ። እሷም ብትሆን ማመን ፈልጋለች፤ በዚያ ቀን፣ በዚያ አሸዋ ላይ፣ ሌላ ነገር መስማት አልፈለገችም። «ኤሊውን አለ?» አለችና ሳቀች። «ውይ አባዬ! ሰኞ ስልኩን ጆሮው ላይ ለጥፌ ሁሉንም ነው የምነግረው።» የወንድሙን እጅ ያዘች። ዓይኗን እያየ ዋሽቶ ሲሳካለት ይህ የመጀመሪያው ነበር።

እሑድ ጠዋት ስልኩን ሲከፍት የኢዩኤል መልእክት አንድ መስመር ነው። አባዬ ሌሊት ሊነጋ ሲል አረፈ። ወንድሙ በጣቱ ቆጠረ። እዚያ ሊነጋ ሲል፣ እዚህ ገና ቅዳሜ ማታ ነው፤ ከባሕሩ ተመልሰው እራት ላይ። እሷ ኤሊዎቹ እንዴት እንደሚሮጡ ለሎጁ ሴቶች በእጇ ስታሳይ። አሸዋው ላይ ተቀምጣ የጠየቀችው ጊዜ ግን አባቷ ገና ሦስት አራት ሰዓት ዕድሜ ነበራቸው።

ሰኞ ወደ ዴንቨር ሲመለሱ አውሮፕላን ውስጥ ራሷን ትከሻው ላይ ጥላ ተኛች። ትከሻው ደነዘዘ፣ አልተንቀሳቀሰም። ኦሮራ ቤታቸው ሲገቡ «ልደውል» አለች። «አሁን እዚያ ውድቅት ነው፤ ቢነቁ ይደነግጣሉ። ጠዋት ይሻላል» አላት። ይህም ሠራ። ውሸት አንዴ ከለመደልህ ወዲያ ይታዘዝልሃል።

ማክሰኞ ማልዶ በሩ ተንኳኳ። አልጣሽ የሥራ ልብሷን ለብሳ፣ ፀጉሯን እያሰረች ሄዳ ከፈተች። ጋሽ ውባየሁ ጥቁር ኮት ለብሰው፣ ፓስተሩ አጠገባቸው፣ ከኋላ ነጠላቸውን ያዘቀዘቁ ሴቶች፣ ታች መኪና ማቆሚያው ላይ ስድስት ሰባት መኪና። ሐበሻ ሆኖ ይህንን አይቶ የማይገባው ማን አለ? ፀጉሯን ስታስርበት የነበረው እጇ እዚያው ላይ ቀረ።

«አባዬ ነው?» አለች።

«ልጄ» አሉ ጋሽ ውባየሁ፣ «አባትሽ ወደ ጌታ ሄደዋል።»

ጩኸቷን ምን ብዬ ልንገራችሁ። ሊዲ ከአልጋዋ ዘላ ወጥታ ኮሪደሩ ላይ ቆመች፤ እናቷ እንዲህ ስትሆን አይታ አታውቅም። ሴቶቹ ያዟት፣ ከደረቷ ላይ እጇን አነሱላት፣ ውሃ አጠጧት። ቤቱ ሞላ። ሁሉም ነገር ጋሽ ውባየሁ እንዳሉት በወጉ ሆነ፤ ሰው አጠገቧ ነበር፣ የሚይዛት ነበር። ወንድሙ ጥግ ቆሞ ይህን እያየ፣ ደግ አደረግኩ፣ ደግ አደረግኩ ይላል በልቡ። ልቡ ግን አይሰማውም።

ረፋዱ ላይ ኢዩኤል ጋ ደወሉላት። ስልኩ ስፒከር ላይ ሆኖ ጠረጴዛው ላይ ተቀመጠ። ወንድምና እህት አብረው አለቀሱ። ከዚያ ኢዩኤል፣ በለቅሶ ወግ የሟችን የመጨረሻ ቀን እንደሚያወራ ሰው፣ ያወራ ጀመር።

«አልጣዬ፣ ቅዳሜ እኮ ነቅቶ ነበር! አንደበቱ ተፈቶ ነበር። ስምሽን ብቻ ነው የሚጠራው። አሰሙኝ፣ አሰሙኝ ይላል። ኤሊውን አየችው ወይ ይላል። ጋሼ ሰኞ ትደውላለች ስላለኝ፣ ሰኞ ትደውላለች፣ ሰኞ ትደውላለች እያልኩ ሳባብለው… እስቲ ሰኞ መቼ ነው? አለኝ። ከነገ ወዲያ ነው አልኩት። እሺ ብሎ ተኛ። በዚያው ቀረ።»

ሳሎኑ ውስጥ የነበረው ልቅሶ ቀጥ አለ። ሁሉም መሬት መሬቱን አየ።

አልጣሽ ተነስታ ጥግ ካለው፣ ገና ካልተፈታው ሻንጣ ውስጥ ደብተሯን አወጣች። ከገጾቹ መሐል አሸዋ ረገፈ። ገጹን ከፍታ ባሏ ፊት ያዘችው።

«ይህን ስጽፍ በሕይወት ነበር?»

ወንድሙ አሁን መዋሸት አልቻለም። «ነበሩ» አለ።

«ስጠይቅህ?»

«ነበሩ።»

«ድምፄን እየጠየቀ?»

ወንድሙ ራሱን ነቀነቀ። እንባው ጺሙ ላይ ወረደ።

ጋሽ ውባየሁ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ልጄ፣ እሱን አትውቀሺው። እኔ ነኝ ያልኩት። መርዶ ወግ አለው፤ በስልክ…»

«አለው ጋሼ» አለች አልጣሽ። አልጮኸችባቸውም፤ ሽማግሌ ናቸው። «መርዶ ወግ አለው፣ አውቃለሁ። በሕይወት ላለ ሰው ግን መርዶ የለም። አባቴን ሦስት ቀን ቀድማችሁ ቀበራችሁብኝ።» ከዚያ መዳፏን ዘርግታ አየችው። «በዚህ እጄ ስንቱን ሰው ልጁን አሰምቼ ሸኘሁ። የማላውቀውን ሰው። የፈረንጅ አባት።»

 ስንት መርዶ ያረዱት ሽማግሌ ኮፍያቸውን በእጃቸው ያዞሩ ጀመር።

አልጣሽ ስልኩ አጠገብ ወለሉ ላይ ቁጭ አለች። «ኢዩኤል።»

«አቤት እትዬ።»

«የአባዬ ደብተር የት ነው?»

«እዚሁ ነው፤ ትራሱ ሥር ነበር።»

«ክፈተውና የመጨረሻው ላይ ጻፍ። እኔ ልንገርህ።»

ከዚያ ወዲያ የወረቀት ድምፅ ተሰማ፣ ኢዩኤል አፍንጫውን ሲስብ ተሰማ። አልጣሽ ደብተሯን ከፍ አድርጋ አነበበች፦ ቀኑን፣ ቦታውን። «አየሩ ደመና፣ ንፋስ ከባሕር በኩል።» ዓይኗ እንባ ሞላና ፊደሉ ጠፋባት። ወንድሙ ከጥጉ መጥቶ አጠገቧ ተንበረከከና ደብተሩን ሊይዝላት እጁን ዘረጋ።

«ተወኝ» አለችው፣ ሳታየው። «አትያዝልኝ። ራሴ እጨርሰዋለሁ።»

እጁ አየር ላይ ቀረ። እሷ ዓይኗን በክንዷ ጠርጋ መስመሯን በጣቷ ፈለገች፣ አገኘችው።

«ከጉድጓድ የወጡ፣ መቶ አሥራ ሰባት። ጻፍክ? በሸርጣንና በአሞራ የተወሰዱ፣ ዘጠኝ። ውሃ የገቡ፣ መቶ ስምንት። ከሥሩ ደግሞ እንዲህ በል፦ እውነት ነው አባዬ፤ አየሁት።»